መጠቅለል፣ መጠምጠም፣ መቀርቀር
በመርከብ ሸራ ቃላት አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሥራ መመሪያ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመለስ በመጀመሪያ የሚፈተኑት ስሞቹ ይመስላሉ። ተርጓሚው ላላየው ዕቃ ስም ሲያጣ ይጨነቃል፤ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፤ በመጨረሻም ወይ የባዕዱን ቃል በፊደላችን ይጽፈዋል፣ ወይ ከግእዝ ቃል ያወጣለታል። ግሶቹን ግን እንደ ቀላል ነገር ያልፋቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ብዙው ጥፋት የሚደርሰው በግሶቹ በኩል መሆኑን ነው። ያልታወቀ ስም አንባቢውን ያስጠይቀዋል፤ የተሳሳተ ግስ ግን ሳያስጠይቅ ያሠራዋል።

ለምርመራ የመረጥነው ጉዳይ በጀልባ ደቀል ውስጥ እየተጠመጠመ የሚገባ ዋና ሸራ ሳይቀረቀር የሚያዝበት አሠራር ነው። ጉዳዩ ከአዲስ አበባ የራቀ ይመስላል። ሆኖም በቦሌና ከዚያ በስተምሥራቅ ባሉት ሠፈሮች ፎቆች ላይ በሚገኙት የትርጉም ጽሕፈት ቤቶች የማሽን መመሪያ የሚመልስ ሰው ዘወትር የሚገጥመው ችግር በዚህ በአንድ ሥራ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። ምሳሌው ለቃላት ጥናት የተመቸ ነው ያልነውም ስለዚህ ነው።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

በሸራ የሚሄድ ጀልባ ከወለሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ግንድ አለው። በግንዱ ታችኛ ክፍል ላይ ወደ ኋላ የተዘረጋ አግድም ዘንግ ይጋጠማል። ዋናው ሸራ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በሁለቱ መካከል ይወጠራል። በቀድሞው አሠራር ሸራው በገመድ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ታች ይወርድና በአግድሙ ዘንግ ላይ ታጥፎ ይታሰራል።

ለረጅም የሽርሽር ጉዞ በሚሠሩ ብዙ ጀልባዎች ላይ የሚታየው ሌላው አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የቆመው ግንድ ውስጡ ባዶ ሲሆን ከላይ እስከ ታች የሚዞር ቀጭን ዘንግ በውስጡ አለ። የሸራው የፊት ጠርዝ በዚህ ዘንግ ላይ ተያይዟል። ግንዱ በጀርባው በኩል ከላይ እስከ ታች ጠባብ ክፍት አለው። አንደኛው ገመድ ዘንጉን ሲያዞር ሸራው በዚያ ክፍት እየገባ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ሁለተኛው ገመድ የሸራውን የኋላ ጥግ ሲስብ ደግሞ ሸራው ወጥቶ ይዘረጋል። ባሕረኛው ከመቀመጫው ሳይነሣ ንፋሱ ሲበረታ ሸራውን ያሳንሳል፣ ሲቀንስም ያሰፋዋል።

ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው። ሸራው ግማሹ ገብቶ ግማሹ ወጥቶ ሳለ ከተያዘ ባሕረኛው ወደ ውስጥ ሊያስገባውም ሆነ ወደ ውጭ ሊያወጣው አይችልም። በከፊል የተጠመጠመ ሸራ ወደ ታችም አይወርድም። ንፋሱ እየጨመረ በሄደ መጠን ጀልባው ከሚችለው በላይ ሸራ ተሸክሞ ይቀራል። እንግዲህ በመመሪያው ላይ የምትጻፈው እያንዳንዷ ግስ የሰው ሕይወት ጉዳይ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

2. ስሞቹ

አማርኛ የደጋ ቋንቋ ስለሆነ የባሕር ቃል የለውም የሚለው አስተያየት በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደ እውነት ተይዟል። ይሁን እንጂ መርከብ፣ ወደብ፣ መልህቅ፣ ቀዛፊ፣ ባሕረኛ፣ ደቀል የሚሉት ቃላት ከጥንት ጀምሮ አሉን። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ሰው በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 ስለ ጢሮስ መርከብ የተጻፈውን ቢመለከት ደቀልን፣ ሸራንና መቅዘፊያን በአንድ ቦታ ያገኛቸዋል።

ስለዚህ ለቆመው ግንድ «ማስት» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። «ምሰሶ» ማለቱም አይመረጥም። ምሰሶ ጣራ የሚሸከም የቤት እንጨት ነው፤ ከላዩ ክብደት እንዳለበት እንጂ ጐኑን ንፋስ እንደሚገፋው አያሳስብም። «ደቀል» ግን ከመርከብ በቀር ሌላ ቦታ ስለማይውል ያለ ማብራሪያ ይቆማል። ከዓረብኛው «ደቀል» ጋር አንድ መሆኑም ቃሉ የቀይ ባሕር ሰዎች የጋራ ሀብት መሆኑን ያመለክታል።

«ሸራ» የሚለው ቃል ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። በዓረብኛ ይህን የሚመስለው «ሽራዕ» የሚለው ቃል የመርከብን ሸራ የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ቃሉ ከመርከብ ወርዶ በየብስ ላይ ተሠራጭቷል። ዛሬ በቦሌ መንገድ ላይ ሸራ ሲባል አንባቢው የሚያስበው በቡና ቤት ደጃፍ የተዘረጋውን ጥላ፣ የጭነት መኪና ልባስን፣ የጫማ ዓይነትን ወይም የሠዓሊን መሣያ ነው። ስለዚህም በመመሪያው መጀመሪያ ላይ «የጀልባው ዋና ሸራ» ብሎ አንድ ጊዜ መወሰን፣ ከዚያ በኋላ «ሸራው» እያሉ መቀጠል ይበቃል። አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

ሂስ የሚያስፈልገው «መቅዘፊያ» ላይ ነው። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 መቅዘፊያ የተባለው በእጅ ውሃ የሚገፋበት እንጨት ነው። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ግን ያው ቃል ታላቁን መርከብ ወደ ፈለገው አቅጣጫ ለሚመራው ትንሽ መሣሪያ ገብቷል። በትንሽ ታንኳ ላይ አንዱ እንጨት ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ የቃሉ መደራረብ ምክንያት አለው፤ በስብከትም ላይ ጉዳት አያመጣም። በሥራ መመሪያ ላይ ግን «መቅዘፊያውን ያዝ» የተባለ ሰው የትኛውን ይያዝ? ለውሃ መግፊያው «መቅዘፊያ»፣ ለአቅጣጫ መስጫው «መሪ» ማለት ይገባል። የመኪና አሽከርካሪ ሁሉ «መሪ» የሚለውን ቃል በዚሁ ትርጉም ያውቀዋል።

ለአግድሙ ዘንግ «አግዳሚ» የሚለውን እናቀርባለን። የእግር ኳስ ዘገባ የሚሰማ ሁሉ በሁለት ቋሚዎች ላይ የተጋደመውን እንጨት በዚህ ስም ያውቀዋል። በደቀሉ ጀርባ ላለው ጠባብ ክፍት ደግሞ «ስንጥቅ» ከሚለው ቃል መራቅ ግዴታ ነው። ስንጥቅ ብልሽት ነው፤ «ሸራው በደቀሉ ስንጥቅ ይገባል» ብሎ የሚያነብ ሰው ደቀሉ ተሰንጥቋል ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የጆንያ አፍ፣ የጠርሙስ አፍ እንደምንለው «የደቀሉ አፍ» ማለት ነገሩን ይገልጸዋል።

የሚያሳስቱ የእንግሊዝኛ ቃላትም አሉ። በመርከብ ቋንቋ «ሺት» ማለት የሸራውን አቅጣጫ የሚቈጣጠር ገመድ ነው። ቃሉን በተለመደው ትርጉሙ ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ «አንሶላውን አላላ» ወይም «ሉሁን ልቀቅ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከዚህ የከፋው «ስታርቦርድ ታክ» የሚለው ሐረግ ነው። ትርጉሙ ንፋሱ ከጀልባው ቀኝ ጐን እየመጣ መጓዝ ሲሆን፣ ቃል በቃል የሚመልስ ሰው «ወደ ቀኝ ዙር» ያሰኘዋል። አንዱ የንፋስን መምጫ ይነግራል፤ ሌላው የመሪን ሥራ ያዛል። እንዲህ ያለው ስሕተት ጀልባውን ከተፈለገው ሁኔታ ፈጽሞ ያወጣዋል።

3. ግሶቹ

ሸራውን ወደ ደቀሉ የማስገባት ሥራ በአማርኛ ምን ይባላል? ሦስት ግሶች ይወዳደራሉ፤ ማጠፍ፣ መጠቅለልና መጠምጠም።

ማጠፍ ጨርቅን በመሥመር ላይ መደራረብ ነው። ለቀድሞው አሠራር ተስማሚ ሲሆን፣ ለአሁኑ አሠራር ግን ተቃራኒ ነው። በዚህ ሥራ ላይ እጥፋት ማለት ዋናው ጠላት ስለሆነ «ሸራውን እጠፍ» የሚለው ትእዛዝ እንዳይደረግ የሚፈለገውን ነገር ያዛል።

መጠቅለል ሰፊ ነው። ሰሌን ይጠቀለላል፤ ዕቃ በወረቀት ይጠቀለላል፤ እንጀራ ተጠቅልሎ ይጐረሳል፤ ጐመንም ጥቅል ይባላል። ሰው ሳይቀር ጓዙን ይዞ ሲመጣ ጠቅልሎ ገባ እንላለን። የሱቅ በር መዝጊያ የሆነው ቆርቆሮ ወደ ላይ ሲጠቀለል በቦሌ መንገድ በየማለዳው ይታያል። ቃሉ ስሕተት አይደለም፤ ጉድለቱ ግን አንድ ነገር በሌላ ነገር ዙሪያ መሄዱንና እየተወጠረ መሄዱን አለመናገሩ ነው። የላላም የጠበቀም ጥቅል፣ ጥቅል ነው።

መጠምጠም ግን ሁለቱንም ይዟል። የሚጠመጠም ነገር የሚጠመጠምበት ነገር አለው፤ ካልተሳበም አይጠመጠምም። ካህኑ በራሱ ላይ የሚያደርገው ጥምጥም በአንድ እጅ እየተያዘና እየተወጠረ ይዞራል፤ ሳይወጠር የዞረ እንደ ሆነ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይደርስ ይፈታል። ፈታይዋም ክሩን ገታ አድርጋ ሳትይዝ በእንዝርቱ ላይ ብታዞር ክሩ ይላላና ውሉ ይጠፋል። በደቀል ውስጥ ለሚገባው ሸራም ዋናው ሕግ ይኸው ነው። ዘንጉ ሲዞር የኋላውን ጥግ የሚስበው ገመድ ፈጽሞ አይለቀቅም፤ ትንሽ ተገትቶ ቀስ በቀስ ይሰጣል። ተለቆ የገባ ሸራ በውስጥ ይላላል፤ የላላው ጥምጥም በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ በደቀሉ አፍ ይያዛል።

እንግዲህ «ጠምጥም» የሚለው ቃል ግማሹን መመሪያ በራሱ ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህም ለሥራው «መጠምጠም»፣ ለሚያዞረው ገመድ «ጠምጣሚ ገመድ»፣ ለኋላ ጥግ ገመድ «ሳቢ ገመድ»፣ ለውስጠኛው ዘንግ «እንዝርት»፣ ለተቃራኒው ሥራ ደግሞ «መዘርጋት» እንዲባል እንመክራለን። «መፍታት» ለቋጠሮ፣ «መተርተር» ለስፌት ይቈይልን።

4. አንድ ቃል፣ አራት ብልሽት

እንግሊዝኛው ነገሩ ሲያዝ «ጃም» በሚል አንድ ቃል ይገላገላል። ብዙ ተርጓሚዎችም ይህን ተከትለው «ተጣበቀ» ይላሉ። መጣበቅ ግን በሙጫ፣ በቅባት ማጣት ወይም በዝገት የሚመጣ ነገር ነው። ቃሉን ያነበበ ሰው መፍትሔው ዘይት ማፍሰስ ወይም በኀይል መሳብ ይመስለዋል። ሁለቱም ያጠፋሉ፤ ዘይት ሸራውን ያቈሽሻል፣ ኀይል ጨርቁን ይቀዳል።

አማርኛ በዚህ ቦታ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሀብታም ነው። አንደኛው ብልሽት መቀርቀር ነው፤ የታጠፈ ወይም የተጨማደደ የሸራ ክፍል በደቀሉ አፍ ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይያዛል። ሁለተኛው መታጨቅ ነው፤ ላልቶ የተጠመጠመው ሸራ የደቀሉን ውስጥ ሞልቶ መዞሪያ ያሳጣል። ሦስተኛው መተብተብ ነው፤ ገመዱ በዊንቹ ወይም በመጠምጠሚያው ላይ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ወጥቶ ራሱን ያንቃል። አራተኛው መድረቅ ነው፤ ጨውና አቧራ የገባበት ኩሽኔታ አልዞርም ይላል።

መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። የተቀረቀረና የታጨቀ ሸራ ጥቂት ወደ ውስጥ ተጠምጥሞ እንደገና ጥቂት ይሳባል፤ ይህ ሳይታክቱ በመደጋገም ይለቃል። የተተበተበ ገመድ ጭነቱ ተነሥቶለት ዙሩ ይስተካከላል። የደረቀ ኩሽኔታ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ አምራቹ የፈቀደው ቅባት ብቻ ይደረግለታል። አራቱን «ተጣበቀ» በሚል አንድ ቃል የጠቀለለ ተርጓሚ አንባቢውን ከመፍትሔዎቹ የትኛውን እንደሚወስድ ሳይነግረው ይተወዋል።

የተባለውን ሁሉ በአንድ ላይ ለማየት እንዲያመች የመመሪያውን ፍሬ ነገር በታቀዱት ቃላት እንጽፈዋለን።

«ሸራውን ከመጠምጠምህ በፊት የጀልባውን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አቅርብ፤ ነገር ግን ፈጽሞ ፊት ለፊት አታድርገው። ንፋሱ ከየትኛው ጐን ቢመጣ ሸራው የደቀሉን አፍ ሳይፍቅ እንደሚገባ እንዝርቱ ከሚዞርበት አቅጣጫ ለይተህ አስቀድመህ እወቅ። አግዳሚውን ወደ ታች የሚስበውን አላላ፤ ከዚህ ቀደም ምልክት ባደረግህበት ከፍታም አቁመው። አግዳሚው ከልክ በላይ ቢወርድ የሸራው የኋላ ጠርዝ ብቻ ይወጠራል፤ ከልክ በላይ ቢነሣ የግርጌው ጠርዝ ብቻ ይወጠራል፤ በሁለቱም ሽብሽብ ይፈጠራል። ሳቢውን ገመድ ገታ አድርገህ እየሰጠህ ጠምጣሚውን ሳብ። ዓይንህ ከደቀሉ አፍ አይነሣ። ሽብሽብ ካየህ አቁም፤ ጥቂት ዘርጋና እንደገና ጠምጥም። እጅህ የከበደውን በዊንች አታስገድድ። ስትዘረጋም ጠምጣሚውን ገመድ ፈጽመህ አትልቀቅ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ከባዕድ የገባው ቃል «ዊንች» ብቻ ነው። እርሱም በጋራዥ ቤት የሚታወቅ ስለሆነ አንባቢን አያስቸግርም። ከዚህ ላይ መጨመር የሚገባው ነገር ቢኖር ያረጀ ሸራ ጉዳይ ነው። ብዙ ያገለገለ ሸራ ጨርቁ ተለጥጦ ሆድ ያወጣል፤ ሆዱ ሲጠመጠም እጥፋት ይሆናል፤ እጥፋቱ ይቀረቀራል። «ሆድ ያወጣ ሸራ» የሚለው አነጋገር ምክንያቱንና ውጤቱን አንድ ላይ ስለሚያሳይ በመመሪያ ውስጥ ቢገባ ነውር የለውም።

5. ከቦሌ የሚገኘው ትምህርት

እንዲህ ያለ ቃል አይለመድም የሚል ካለ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የአቪየሽን ሥራ ለአማርኛ ከባሕር ሥራ ያላነሰ እንግዳ ነበር። ዛሬ ግን አብራሪ፣ በረራ፣ ማረፊያ፣ መንደርደሪያ የሚሉትን ቃላት ማንም ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል። አውሮፕላን ሊነሣ ሲል አኮበኮበ እንላለን፤ ከወፍ የተወሰደ ግስ ነው፤ ሥራውን ከነአኳኋኑ ይሥላል። ጄትና ራዳር እንደ ነበሩ ቀሩ፤ ማንም አልተጐዳም።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የለመዱት ቃላት በአብዛኛው ለዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ከሚያገለግሉ ግሶች የወጡ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ የባዕድ ቃል የሚቀረው ለራሱ ለዕቃው ስም ሲሆን፣ ዕቃው ለሚሠራው ሥራ ግን የአማርኛ ግስ መመረጡ ነው። የመካኒኮች ቋንቋም ይህንኑ ያሳያል፤ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከጣሊያንኛ መጡ፤ ማጥበቅ፣ ማላላት፣ መፍታትና መግጠም ግን የራሳችን ናቸው።

6. ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

አንደኛው መቃወሚያ ባሕር በሌለው አገር ይህ ሁሉ ምን ይረባል የሚል ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ ማብቂያ ገደማ በምጽዋ ሥራ ሲጀምር ሥልጠናው በውጭ አገር መኰንኖችና በባዕድ ቋንቋ ተካሄደ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኃይሉ ሲፈርስ ከመርከቦቹ ጋር የሥራው አነጋገር አብሮ ተበተነ። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን ዳግም የማቋቋም ሐሳብ ይፋ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም.ም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ሲፈረም፣ የቃላቱ ጥያቄ አብሮ ተመልሷል። ቃል ተዘጋጅቶ ከጠበቀ ሥራው ሲመጣ ይይዘዋል፤ ካልጠበቀ ግን ሥራው የመጣበትን ቋንቋ ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የባሕር ሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው። የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት በ2001 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለመርከቦች መነጋገሪያ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን በይፋ አጽድቋል። በሬዲዮ ከሌላ መርከብ ጋር የሚነጋገር ኢትዮጵያዊ መርከበኛ ያንን ማወቅ አለበት። ነገር ግን በሬዲዮ መነጋገርና ሥራውን መረዳት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሰው ገመድ ለምን እንደሚገታ የሚገባው በሚያስብበት ቋንቋ ሲነገረው ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፤ ጥምጥም የካህን፣ እንዝርት የፈታይ ስለሆኑ ለዘመናዊ መሣሪያ ክብር አይመጥኑም፤ ከግእዝ የተከበረ ቃል ይውጣ የሚል ነው። በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በአማርኛ ውስጥ ፈልጎ ሲታጣ ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ወደ ግእዝ መሄድ ነው። እዚህ ግን የታጣ ነገር የለም። ግእዝ ለደቀል አገልግሎናል፤ ያስፈለገውን ያህል ወስደናል። እንዝርትን በሌላ ቃል ብንለውጠው ክሩን ገታ አድርጎ የመያዝ ዕውቀት ከቃሉ ጋር አብሮ ይቀርብናል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል የሚከተለውን ይመስላል። ለቆመው ግንድ ደቀል፣ ለአግድሙ አግዳሚ፣ ለውስጠኛው ዘንግ እንዝርት፣ ለክፍቱ የደቀሉ አፍ፣ ለሁለቱ ገመዶች ጠምጣሚና ሳቢ፣ ለአቅጣጫ መስጫው መሪ ይባል። ለሥራው መጠምጠምና መዘርጋት ይግቡ። «ተጣበቀ» ከመመሪያው ወጥቶ በምትኩ ተቀረቀረ፣ ታጨቀ፣ ተተበተበ፣ ደረቀ የሚሉት እንደየሁኔታው ይጻፉ።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ለአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ሦስት አራት የአማርኛ ግሶችን በሰረዝ እየለየ ብቻ ሲደረድር ተርጓሚው የመጀመሪያውን አንሥቶ ይሄዳል። ከየግሱ አጠገብ ምን ሲሆን እንደሚባል በአጭሩ ቢጻፍ፣ ለምሳሌ «ተቀረቀረ፤ በጠባብ ቦታ ገብቶ ለተያዘ»፣ «ተተበተበ፤ ለገመድና ለክር» ቢባል፣ መዝገበ ቃላቱ በጥቂት ገጾች ይወፍር ይሆናል እንጂ ተርጓሚው አይሳሳትም። ለሊፍት፣ ለጄኔሬተርና ለሐኪም ቤት መሣሪያ መመሪያ የሚጽፉ ሰዎችም ከዚህ ይጠቀማሉ፤ በእነዚያም መሣሪያዎች ላይ «ተጣበቀ» የተባለው ሁሉ የተጣበቀ አይደለም።